ከጉንፋን በኋላ የልጅ ዓይን ወደ አፍንጫ ሲዞር

ጥያቄው ከደብረ ብርሃን ነው። «ልጄ 4 ዓመት ከ3 ወሯ ነው። የዛሬ ሦስት ሳምንት ትኩሳትና ጉንፋን ይዟት አሞክሳሲሊን ሽሮፕ ወስዳ ተሻላት። ከአምስት ቀን በፊት ጠዋት ስትነሳ ግራ ዓይኗ ወደ አፍንጫዋ ዞሮ አገኘሁት። አያቷ ምች ነው ይላሉ። ክሊኒክ ወስጃት ‹ቫይረስ ነርቯን መትቶት ነው፣ በራሱ ይመለሳል› ብለው የቫይታሚን ቢ መርፌና የፕሬድኒሶሎን ኪኒን አዘዙልን፤ ገና አልጀመርንም። አያማትም፣ ትጫወታለች፤ ግን ቴሌቪዥን ስታይ ፊቷን ወደ ግራ ታዞራለች። ከሁለት ወር በፊት በዘመቻ የኩፍኝ ክትባት ተከትባ ነበር፤ ከዚያ ይሆን? ኤም አር አይ ትነሳ ወይስ ልጠብቅ? እንዲሁ ሆና ትቀራለች?»

«ቫይረስ ነው» የተባለው ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ይህ ስም የሚሰጠው ሌላው ሁሉ ተፈትሾ ካለቀ በኋላ ነው። ዓይንን የሚያዞረውን ነርቭ ቫይረስ እንደመታው የሚያረጋግጥ የደም ምርመራም ሆነ ፎቶ የለም፤ ሌሎቹ ምክንያቶች አንድ በአንድ ሲወጡ የሚቀረው እሱ ነው። ከጻፉት ውስጥ ግን የልጅዎ የዓይን ብሌን በጠብታ ሰፍቶ የዓይኗ ውስጥ ታይቷል የሚል አላገኘሁም። ከመርፌውም ከኪኒኑም በፊት መደረግ ያለበት ይህ ምርመራ ነው፤ ስለ መጠበቅ መነጋገር የምንችለውም ከዚያ በኋላ ነው።

ዓይንን የሚያዞሩት ስድስት ጡንቻዎች ትእዛዝ የሚቀበሉት ከሦስት ነርቮች ነው፤ ከሦስተኛው፣ ከአራተኛውና ከስድስተኛው የራስ ቅል ነርቭ። ስድስተኛው አንድ ጡንቻ ብቻ ያዛል፤ ዓይንን ወደ ጆሮ በኩል የሚስበውን። እሱ ሲደክም ወደ አፍንጫ የሚስበው ጡንቻ ተገዳዳሪ ያጣና ዓይኑን ይዞት ይገባል። ግራው የደከመ ልጅ ወደ ግራ ሲያይ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ጎን ለጎን ይታየዋል፤ ወደ ቀኝ ሲያይ ግን ሁለቱ ዓይኖች ይገጥማሉ። ስለዚህ ፊቱን ወደ ግራ አዙሮ በቀኝ በኩል ያያል። ልጅዎ ቴሌቪዥን ስታይ የምታደርገው ይህንኑ ነው። «አንገትሽን አቅኚ» እያላችሁ አትቆጧት። ፊቷን የምታዞረው ሁለቱን ዓይኖቿን አጣምራ ለማየት ነው፤ እስካዞረች ድረስ አንጎሏ ሁለቱንም ዓይን እየተጠቀመ ነው ማለት ነው። የሚያሳስበኝ ተቃራኒው ነው፦ ዓይኑ እንደተንሸዋረረ ሳለ ፊቷን ማዞር ብትተው፣ አንጎሏ የግራውን ዓይን ምስል መጣል ጀምሯል ብዬ እጠረጥራለሁ።

ሌሎቹ ሁለት ነርቮች ሲመቱ መልኩ ይለያል። ሦስተኛው ሲመታ የዓይን ቆብ ይወድቃል፣ ዓይኑ ወደ ውጭና ወደ ታች ይሄዳል፣ አንዳንዴም ብሌኑ ይሰፋል። አራተኛው ሲመታ ልጁ ጭንቅላቱን ወደ አንድ ትከሻ ያዘነብላል፤ ነገሮች የሚደረቡበትም ከላይና ከታች ነው። ልጅዎ ላይ የዓይን ቆብ መውደቅ ወይም የብሌን መስፋት ካዩ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ አይሠራም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለባት።

ስድስተኛው ነርቭ በቀላሉ የሚጠቃው በመንገዱ ምክንያት ነው። ከአንጎል ግንድ ወጥቶ በራስ ቅል ወለል ላይ ሽቅብ ይወጣል። ከጆሮ በስተውስጥ ባለው አጥንት ጫፍ ላይ ታጥፎ የዶሬሎ ቦይ በሚባል ጠባብ መተላለፊያ ይሾልካል፤ ከዚያም ትልቁን የደም ሥር አልፎ ዓይን ጉድጓድ ይገባል። ሁለት ጫፉ እንደታሰረ ገመድ ነውና በጭንቅላት ውስጥ ግፊት ሲጨምርና አንጎል ትንሽ ወደ ታች ሲገፋ ይወጠራል። ስለዚህ በሽታው ሌላ ቦታ ሆኖ ይህ ነርቭ ሊደክም ይችላል። የዓይኑ መዞር ብቻውን ሕመሙ የት እንዳለ አይናገርም፤ ሐኪሙ አብረው ያሉትን ምልክቶች መፈለግ ያለበት ለዚህ ነው።

ከቫይረስ በኋላ የሚመጣው የነርቭ ድካም በአብዛኛው ሕመሙ ከለቀቀ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ ያለ ሕመም፣ በአንድ ዓይን ብቻ ይከሰታል። የልጅዎ ታሪክ ከዚህ ጋር ይገጥማል። ተራ ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛ፣ ኤፕስታይን ባር ቫይረስ፣ ጉድፍ፣ ጆሮ ደግፍ፣ ኮቪድም ሳይቀር ሊያስከትሉት ይችላሉ። ይበልጥ የሚታመነው ቫይረሱ ራሱ ነርቩን እየበላው ሳይሆን፣ ቫይረሱን ለመዋጋት የነቃው የሰውነት መከላከያ የነርቩን ሽፋን በስህተት ስለሚያጠቃ ነው የሚለው ነው። ትኩሳቱ ካለፈ በኋላ ቀናት መዘግየቱም በዚህ ይገባናል። አሞክሳሲሊን ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን ስለማይነካ ይህን አላመጣውም፣ ሊከለክለውም አይችልም ነበር።

አያቷ ምች ማለታቸው ሕመሙን ከትኩሳቱ ጋር ማያያዛቸው ስለሆነ በጊዜ ረገድ አልተሳሳቱም። አደራ የምለው አንድ ነገር ነው፦ የዳማከሴ ጭማቂም፣ የጡት ወተትም፣ ማንኛውም ቅጠል ዓይኗ ውስጥ አይግባ። ችግሩ ከዓይኑ በስተኋላ ያለ ነርቭ ነው፤ ዓይን ውስጥ የሚጨመር ነገር እዚያ አይደርስም። የዓይንን መስታወት መሰል ፊት ግን ሊያቆስልና ጠባሳ ሊያስቀር ይችላል። ጠበል የምትሄዱ ከሆነ ከሐኪም ቀጠሮ ጋር አያጋጩት።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፦ በእርግጥ የታመመው ነርቩ ነው? ከ2 እስከ 4 ዓመት ባለው ዕድሜ ዓይን ወደ ውስጥ እንዲዞር የሚያደርግ ሌላ በጣም የተለመደ ምክንያት አለ፤ ከፍ ያለ የፕላስ (የሚያጎላ) መነጽር ፍላጎት። እንዲህ ያለ ልጅ አጥርቶ ለማየት ዓይኑን ከመጠን በላይ ያስጨንቃል፤ ማስጨነቁ ደግሞ ዓይኖቹን ወደ ውስጥ ይስባል። ለወራት ተቋቁሞት የቆየ ልጅ ትኩሳት ሲያደክመው በአንድ ጀምበር ሊንሸዋረር ይችላል። ቤተሰብ «ከጉንፋኑ በኋላ መጣ» ይላል፣ ሐኪሙም «ቫይረስ» ይላል፤ ልጁ የሚያስፈልገው ግን መነጽር ነው። መነጽር ሳያገኝ ወራት ሲያልፉ አንዱ ዓይን ይሰንፋል፤ ሁለቱን ዓይን አጣምሮ የማየት ችሎታም ይጠፋል።

ይህን በቤትዎ በከፊል መለየት ይችላሉ። ልጅዎን ወንበር ላይ ፊት ለፊትዎ ያስቀምጧትና ሌላ ሰው ጭንቅላቷን ከኋላ በቀስታ ይያዝላት። ቀኝ ዓይኗን በመዳፍ ይሸፍኑ። የምትወደውን አሻንጉሊት ግማሽ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ይዘው ቀስ እያሉ ወደ እርሷ ግራ ይውሰዱት። ጤነኛ ዓይን እስከ ዳር ይሄዳል፤ በጆሮ በኩል ያለው የዓይን ነጭ ይጠፋል ወይም ጥቂት ብቻ ይቀራል። ግራ ዓይኗ መሐል ላይ ቢቆም፣ ወይም እየተንቀጠቀጠ ሄዶ ሰፊ ነጭ ቢተው፣ የነርቩ ወይም የጡንቻው ድካም ነው። ከዚያ ግራውን ሸፍነው ቀኙን ወደ ቀኝ ያድርጉና ያወዳድሩ። አንድ ዓይን ሳይሸፍኑ መሞከር ያሳስታል፤ ልጅ ሁልጊዜ በተሻለው ዓይን ስለሚከተል ሌላው መሄድ እየቻለ ያልቻለ ይመስላል። ዓይኗ በደንብ እስከ ዳር ከሄደ ነርቩ የመታመሙ ዕድል በጣም ያንሳል፤ የመነጽሩ ጉዳይ ወደፊት ይመጣል። ሌላው መለያ ርቀት ነው። በነርቭ ድካም መንሸዋረሩ ሩቅ ስታይ፣ በተለይ ወደ ግራ ስትመለከት ይብሳል፤ በመነጽሩ ዓይነት ግን ብዙ ጊዜ የሚብሰው ቅርብ ያለ ሥዕል አተኩራ ስታይ ነው።

የድሮ ፎቶዎችንም ያውጡ። ከአንድ ዓመት በፊት በተነሳችው ሁሉ ፊቷን ወደ ግራ አዙራ ከተገኘች ነገሩ አዲስ አይደለም። ስድስተኛው ነርቭ ከመወለድ ጀምሮ ሳይፈጠር የሚቀርበት የዱዌን ሕመም የሚባል አለ፤ በሴት ልጆችና በግራ ዓይን ይበዛል፣ ዓይኑ ወደ አፍንጫ ሲሄድም የዓይን መክፈቻው ይጠብባል። ይህ ከጉንፋን ጋር ግንኙነት የለውም፤ ቤተሰቡ ያስተዋለው አሁን ነው እንጂ። በፍላሽ በተነሱት ፎቶዎች ላይ ደግሞ የብሌኖቿን ቀለም ይመልከቱ። አንዱ ቀይ ሌላው በተደጋጋሚ ነጭ ሆኖ ከታየ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በልጆች ዓይን ውስጥ የሚወጣ ካንሰር በመጀመሪያ በመንሸዋረርና በነጭ ብሌን ይገለጣልና።

የነርቭ ድካም መሆኑ ከተረጋገጠ ቫይረስ ከማለት በፊት የሚፈተሹት እነዚህ ናቸው። በትላልቅ ሆስፒታሎች በሚታዩ ልጆች ላይ የስድስተኛው ነርቭ ድካም ዋና ምክንያቶች ሆነው የሚገኙት የጭንቅላት አደጋና የአንጎል ዕጢ ናቸው፤ ከቫይረስ በኋላ የሚመጣው ከእነሱ በታች ነው። በአንጎል ግንድ ላይ ወይም ከኋላ በኩል የሚወጣ ዕጢ፣ የአንጎል ውሃ መጠራቀም፣ በመድኃኒት የሚመጣ የግፊት መጨመርም አለ፤ ለምሳሌ ከመጠን ያለፈ ቫይታሚን ኤ፣ ቴትራሳይክሊንና ዶክሲሳይክሊን፣ ወይም ለረጅም ጊዜ ተወስዶ በድንገት የተቋረጠ ስቴሮይድ። በአገራችን ሁለት ነገሮች የበለጠ ትኩረት ይፈልጋሉ። አንደኛው የቲቢ ማጅራት ገትር ነው። እንደ ተራው ማጅራት ገትር በአንድ ቀን አይመጣም፤ ለሳምንታት መነጫነጭ፣ ምግብ መተው፣ ክብደት መቀነስ፣ ቀለል ያለ ትኩሳት ያሳይና የዓይን ነርቭ ሲደክም ገና ይነቃበታል። በቤት ውስጥ ወይም በጎረቤት የሚያስል፣ የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ለሐኪሙ ሳይጠየቁ ይንገሩ። ሁለተኛው የጆሮ መግል ነው። ለወራት ሲመግል የቆየ ጆሮ ኢንፌክሽኑን ወደ ውስጠኛው አጥንት ጫፍ፣ ነርቩ ወደሚታጠፍበት ቦታ ያደርሰዋል። የጆሮ ፈሳሽ፣ ከዓይን ኋላ የሚሰማ ሕመምና የዓይን መዞር ሦስቱ አንድ ላይ ሲገኙ የግራዴኒጎ ሕመም ይባላል፤ በደም ሥር በሚሰጥ አንቲባዮቲክ፣ አንዳንዴም በቀዶ ሕክምና እንጂ በጠብታ አይድንም።

ከቫይረስ በኋላ የሚመጡ ነገር ግን በቤት የማይጠበቁም አሉ። ሁለቱም ዓይኖች መንቀሳቀስ ከተሳናቸው፣ ልጅቷ እንደሰከረ ከተንገዳገደች፣ ሐኪም ጉልበቷን በመመርመሪያ መዶሻ ሲመታ እግሯ ካልተወረወረ ሚለር ፊሸር የሚባለው የነርቭ ሕመም ይጠረጠራል፤ ወደ መተንፈሻ ጡንቻ ሊዘልቅ ስለሚችል ተኝታ መታከም አለባት። ጠዋት ደህና ሆኖ ማታ ማታ የሚብስ፣ የዓይን ቆብ መውደቅም ያለበት ከሆነ ጡንቻን ቶሎ የሚያደክመውን ማያስቴኒያ የሚባል ሕመም ማሰብ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ጉዞው ወደ ዓይን ሐኪም ነው፤ የሚቻል ከሆነ የሕፃናት ዓይን ሐኪም ወዳለበት። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እዚያ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለ። በሌላ አካባቢ ያሉ ወላጆች በጎንደርና በጅማ ዩኒቨርሲቲዎች የዓይን ሕክምና ክፍሎች ሊታዩ ይችላሉ። ሪፈር ወረቀቱ ላይ «አዲስ የጀመረ የስድስተኛ ነርቭ ድካም፣ የዓይን ውስጥ ምርመራ ይደረግላት» ተብሎ ይጻፍ፤ «መንሸዋረር» ብቻ ከተባለ የሩቅ ቀጠሮ ሊሰጣት ይችላል።

እዚያ የሚጠብቁት ምርመራ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የእያንዳንዱ ዓይን እይታ በሥዕል ሰሌዳ ይለካል፤ ቀጥሎ የብሌኖች መጠንና ለብርሃን ያላቸው ምላሽ ይታያል፤ የመዞሩ መጠን ሩቅና ቅርብ፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ፕሪዝም በሚባል ብርሃን የሚያጎብጥ መስታወት ይለካና ቁጥሩ ይጻፋል። ጠብታ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ብሌኖቹ ሰፍተው ስለሚቆዩ የነርቩን ምርመራ ያበላሻል። 1 ፐርሰንት ሳይክሎፔንቶሌት ከ5 እስከ 10 ደቂቃ እያረፈ ሁለት ጊዜ ይጨመርና ከ30 እስከ 45 ደቂቃ በኋላ የመነጽር ቁጥሯ ይለካል፣ የዓይኗ ውስጥም ይታያል። አትሮፒን የሚባለው ጠንከር ያለ ጠብታ ከታዘዘላት ቅርብ ነገር ለአንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይደበዝዝባታል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ፊቷ ከቀላ፣ አፏ ከደረቀና ትኩሳት ከመጣ ግን መድኃኒቱ በዝቷልና አቁመው ይደውሉ።

ከሁሉ በላይ የሚፈለገው የእይታ ነርቭ መግቢያው አብጧል ወይስ አላበጠም የሚለው ነው። ካበጠ በጭንቅላት ውስጥ ግፊት አለ፤ በዚያው ቀን ምስል ያስፈልጋል። ካላበጠ ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ጊዜ ደህና መሆኑ የዘላለም ማረጋገጫ አይደለም። እብጠቱ ለመታየት ቀናት ስለሚወስድ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገም። የደም ግፊቷ፣ ሁለቱ ጆሮዎቿ፣ አረማመዷና የሌሎች ነርቮቿ ሥራም በዚያው ቀን ይታዩ፤ የገረጣች ወይም ያለ ምክንያት የምትበልዝ ከሆነ የደም ካንሰር እንዳይታለፍ የደም ቆጠራ ይሠራላት።

ኤም አር አይን በተመለከተ ባለሙያዎች ይለያያሉ። አንዳንዶቹ ለእያንዳንዱ ልጅ ወዲያው ይነሳ ይላሉ፤ ሌሎች ምርመራዋ ሁሉ ደህና የሆነችን ልጅ እየተከታተሉ መጠበቅን ይፈቅዳሉ። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ አቅም ካለ ይነሳ። በዚህ ዕድሜ የሚሳሳት ግምት ዋጋው ከባድ ነው። ሲነሳ የጭንቅላትና የዓይን ጉድጓድ፣ ምስሉን ከሚያጎላው በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት (ኮንትራስት) ጋር፣ የአንጎል ግንዱና የጆሮ አጥንቱ ጫፍ በቀጭን ቁርጥ እንዲታይ ተብሎ ይታዘዝ። ዕድሜዋ ዝም ብላ እንድትተኛ ስለማይፈቅድ ማስተኛ ይሰጣታል፤ ከመነሳቷ በፊት ባሉት 6 ሰዓታት ምግብና ወተት፣ በመጨረሻዎቹ 2 ሰዓታት ደግሞ ውሃም አትቀምስ። ሲቲ ስካን ፈጣንና ርካሽ ነው፤ የውሃ መጠራቀምን፣ ደም መፍሰስንና የአጥንት ጉዳትን ያሳያል። ነገር ግን የአንጎል ግንድን በዙሪያው ባለው ወፍራም አጥንት ምክንያት አጥርቶ አያሳይም። «ሲቲ ደህና ነው» ተብሎ ፋይሉ መዘጋት የለበትም።

ገንዘቡ አሁን ከሌለ መጠበቅ የሚፈቀደው በእነዚህ ሁኔታዎች ሲሆን ብቻ ነው፦ ድካሙ በዚያው አንድ ነርቭ ላይ ከተወሰነ፣ የዓይኗ ውስጥ ሁለት ጊዜ ታይቶ ደህና ከሆነ፣ የሰውነቷ ምርመራ ምንም ካላሳየ፣ በየሁለት ሳምንቱ ለመታየት ከቻለችና ልኬቱ እየቀነሰ ከሄደ። በስድስተኛው ሳምንት ምንም መሻሻል ከሌለ፣ በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ሙሉ በሙሉ ካልተመለሰ፣ ወይም ድኖ ተመልሶ ከመጣ፣ ያኔ ምስሉ ግዴታ ነው። በራሱ የተሻለ ሁሉ ቫይረስ ነበር ማለትም አይደለም፤ ከራስ ቅል ወለል ላይ የሚወጡ ዕጢዎች ያመጡት ድካም ለጊዜው ሊለቅ እንደሚችል ይታወቃል። ስለዚህ ከዳነች በኋላም ቢያንስ አንድ ዓመት ክትትል ይኑራት።

ፕሬድኒሶሎኑን አይጀምሩ፤ ስቴሮይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው። ከቫይረስ በኋላ የሚመጣውን ድካም እንደሚያፋጥን አልተረጋገጠም፤ ጉዳቱ ግን ግልጽ ነው። የደም ካንሰርንና አንዳንድ ዕጢዎችን ለጥቂት ሳምንታት አሳንሶ ያሳያል፤ ልጅቷ የተሻላት ይመስላል፣ ትክክለኛው ምርመራ ይዘገያል፣ ናሙናም ይበላሻል። ቲቢ ካለ ደግሞ የቲቢ መድኃኒት ሳይጀመር ብቻውን መሰጠቱ አደገኛ ነው። በቲቢ ማጅራት ገትር ስቴሮይድ እንደሚሰጥ እውነት ነው፤ ከቲቢ መድኃኒቶች ጋር፣ በሐኪም ቁጥጥር ሥር ነው ግን። የቫይታሚን ቢ መርፌም ይህን ነርቭ አያድንም። መርፌው ቂጥ ላይ በተሳሳተ ቦታ ቢወጋ የእግርን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል፤ ጥቅም ለሌለው ነገር ያን ዕዳ መግባት የለባትም። የቫይታሚን እጥረት ካለባት በአፍ ይሰጣታል፣ ምክንያቱም ሌላ ነው።

እስካሁን ማንም ያላዘዘላችሁ፣ ግን በእርግጥ የሚጠቅማት ዓይን መሸፈን ነው። ነርቩ በራሱ ሊድን ይችላል፤ በመጠበቁ ጊዜ የተንሸዋረረው ዓይን ከሰነፈ ግን ነርቩ ሲመለስ እይታው አብሮ አይመለስም። ከ7 ወይም 8 ዓመት በታች ያለ ልጅ አንጎል ሁለት ምስል ሲያስቸግረው አንዱን ያጠፋል። ለዚህ ነው ትንንሾች «ሁለት ሁለት ይታየኛል» የማይሉት፤ ዝም ማለታቸው ግን ጥሩ ምልክት አይደለም። የሁለቱ ዓይኖች እይታ እኩል ከተለካ በቀን ከ2 እስከ 4 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ፣ አንድ ቀን ቀኙን፣ በማግስቱ ግራውን እያፈራረቁ ይሸፍኑ። የግራው እይታ ደክሞ ከተገኘ ሐኪሙ ቀኙን ለብቻው እንዲሸፈን ያዛል፤ ሰዓቱንም እሱ ይወስናል። መሸፈኛው በቆዳዋ ላይ የሚለጠፍ ይሁን። በክር የሚታሰረው ጥቁር ጨርቅና መነጽር ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ልጅ በጎን አሾልኮ እንዲያይ ያስችላሉ። ዝግጁው ከጠፋ ሁለት ድርብ ጎዝ በእንቁላል ቅርጽ ቆርጠው በወረቀት ፕላስተር ይለጥፉት፤ ዓይኗ ከሥሩ መጨፈን አለበት፣ ካለበለዚያ ጎዙ ይቧጭራታል። ሲያነሱት ፕላስተሩን በለብ ያለ ውሃ ያርጥቡት። ትልቁ ስህተት አንዱን ዓይን ቀን ሙሉ ሸፍኖ መርሳት ነው፤ ያ ጤነኛውን ዓይን ያሰንፋል። ቀን ሙሉ መሸፈን ከታዘዘ ሳትታይ የምትቆይበት ጊዜ በዕድሜዋ ልክ በሳምንት ይቆጠራል፦ የ4 ዓመት ልጅ ከ4 ሳምንት በላይ አትቆይ።

መሸፈኛው የተለጠፈበት ሰዓት ሥዕል የምትስልበት ወይም ጥራጥሬ የምትለቅምበት ይሁን እንጂ ደረጃ የምትወጣበትና መንገድ የምትሻገርበት አይሁን። ኬጂ ከሄደች መምህርቷ ከክፍሉ ግራ ጎን እንድታስቀምጣት ይንገሯት፤ ሰሌዳው ከልጅቷ በስተቀኝ ስለሚሆን ዓይኖቿ በሚገጥሙበት አቅጣጫ ታየዋለች። የፕላስ ቁጥር ከተገኘባት መነጽሩ ይሠራላት። ከመንገድ የሚገዛ ዝግጁ መነጽር አይጠቅማትም።

ክትባቱን በተመለከተ፣ ሕያው ቫይረስ ካላቸው ክትባቶች በኋላ ይህ ድካም የታየባቸው ጥቂት ልጆች ተመዝግበዋል፤ ይከሰት የነበረውም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው። ከሁለት ወር በፊት የተወሰደው ክትባት ከሦስት ሳምንት በፊት ከነበረው ጉንፋን ይልቅ ሊጠረጠር አይችልም። ኩፍኝ ራሱ ከያዛቸው 1,000 ልጆች ውስጥ በአንዱ ያህል የአንጎል ብግነት ያስከትላል። የሚቀራት ክትባት ካለ እንዳታስቀሩባት።

«እንዲሁ ሆና ትቀራለች?» ላሉት፦ ምክንያቱ በእርግጥ ከቫይረስ በኋላ የመጣ ከሆነ አብዛኞቹ ልጆች ሙሉ በሙሉ ይድናሉ። ለውጡ ብዙ ጊዜ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት መታየት ይጀምራል፤ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ ይመለሳል፣ ጥቂቶቹ ላይ እስከ 6 ወር ይዘገያል። በአንዳንዶች ላይ በሌላ ጉንፋን ተመልሶ ይመጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ዓይን ላይ። መሻሻሉን በዓይን ግምት አይመዝኑት። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሜትር ርቀት፣ ፊት ለፊት ከዚያም ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስታይ በስልክ ይቅረጿት፤ ቪዲዮዎቹን ጎን ለጎን ማየት ለሐኪሙም ለእርስዎም ከማስታወስ ይበልጣል። ከ6 ወር በኋላ የቀረ መዞር ካለና ልኬቱ ከጸና ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። ጡንቻው ጥቂት ጉልበት ካለው ውስጠኛውን ማላላትና ውጭኛውን ማጥበቅ ይበቃል፤ ጨርሶ ከሞተ የላይኛውንና የታችኛውን ጡንቻ ወደ ጎን ማዛወር ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት መቁረጥ በራሱ የሚመለስን ነርቭ ቀድሞ ዓይኑን ወደ ውጭ ያዞረዋል።

እንግዲህ ነገ ሪፈሩን ያጽፉ፣ በዚህ ሳምንት ውስጥም የዓይን ሐኪም ይያት። የድሮ ፎቶዎቿን፣ ቪዲዮውን፣ የክትባት ካርዷንና እስካሁን የወሰደቻቸውን መድኃኒቶች ሽፋን ይዘው ይሂዱ። ከቀጠሮው በፊት ጠዋት ጠዋት የሚያስመልሳት ወይም ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳት ራስ ምታት ከመጣ፣ አረማመዷ ከተዛባ፣ እንቅልፍ ከበዛባት፣ ትኩሳትና የአንገት መድረቅ ከታየ፣ ሌላው ዓይኗም ከዞረ፣ ፊቷ ከተጣመመ ወይም ጆሮዋ መምገል ከጀመረ ቀጠሮውን ትተው በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት።